ሞክሼ ታይፖች፦ የሲ ላይብረሪዬን ወደ ሌላ ፕላትፎርም ስወስድ የገጠመኝ

ለሦስት ዓመት ያህል አንዲት ትንሽ የሲ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት በሲ ቋንቋ የተጻፈ ኮድ፣ ስጽፍ ቆይቻለሁ። ሥራዋ ቀላል ነው። ከመለኪያ መሣሪያ የወጣ ፋይል ታነባለች፣ የታመቀውን ትፈታለች፣ ውጤቱን በትንሽ የጄፔግ ምስል ታሳያለች። ሊነክስ ላይ አንድም ቀን አስቸግራኝ አታውቅም፤ ዋርኒንጎቹን በሙሉ ከፍቼ እንኳ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ዝም ነው የሚለው። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ እንድትሠራ ተፈለገች፤ የማንበቢያው ክፍል ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሌለው የአርም ቦርድ ላይ። ሲ አይደል፣ የትም ይሄዳል ብዬ የአንድ ከሰዓት ሥራ አደረግኩት። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ከሁለቱ ሳምንት አብዛኛው የባከነው ኤረሩ ከባድ ስለነበር አይደለም። ምን እያለኝ እንደሆነ ሳልረዳ ዝም ላሰኘው ስለሞከርኩ ነው። እዚያው ቦታ ላይ ተቀምጣችሁ ስክሪኑ ላይ የምታፈጡ ካላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። የታይፖቹን (የዳታ ዓይነቶቹን) እና የሄደሮቹን (ስሞችና ታይፖች የሚታወጁባቸውን ፋይሎች) ስም በፊደላችን ነው የምጽፈው፤ ሲነበብ እንደሚሰማው ስለጻፍኩት ኮድ ላይ አታጡትም።

የመጀመሪያው ኤረር የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ሲ2371 ነበር። "ኢንት32 ድጋሚ ተሰይሟል፣ መሠረታዊ ታይፑም ይለያል" ይላል። በትልልቅ ፊደል የሚጻፈውን ኢንት32 ነው የሚለው። ኮዴ ውስጥ ፈለግኩት፣ የለም። አንድም ቦታ አልጻፍኩትም። ያመጡት ሁለት የሰው ሄደሮች ነበሩ። የጄፔግ ምስል የምሠራበት ላይብረሪ ሊብጄፔግ በራሱ ሄደር ውስጥ ኢንት32ን ሎንግ ብሎ ሰይሞታል፤ የዊንዶውስ ዋና ሄደር ዊንዶውስ.ኤች ይዞት የሚመጣው ቤዝቲኤስዲ.ኤች ደግሞ ሳይንድ ኢንት ብሎታል። ሁለቱም ለየብቻቸው ችግር የለባቸውም። አንድ ፋይል ውስጥ ሲገናኙ ነው ጉዱ፤ ሞክሼዎች ናቸው፣ ኮምፓይለሩ ደግሞ ሞክሼ አይቀበልም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ረጅም ጊዜ የተሳሳትኩት እዚህ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኢንትም ሎንግም 4 ባይት ናቸው። ታዲያ ምን ያጣላቸዋል? ለሲ የመጠን እኩል መሆን ታይፑን አንድ አያደርገውም። ኢንት ኢንት ነው፣ ሎንግም ሎንግ ነው፤ ሜሞሪ ላይ አንድ ዓይነት ቦታ ቢይዙ እንኳ ሁለት የተለያዩ ታይፖች ናቸው። ታይፕዴፍ ደግሞ አዲስ ታይፕ አይፈጥርም፣ ለነበረው ስም ይሰጣል እንጂ። ስለዚህ አንዱን ስም ለሁለት ታይፕ መስጠት ክልክል ነው። ለአንድ ታይፕ ሁለት ጊዜ መስጠት ከ2011ዱ የሲ ስታንዳርድ ጀምሮ ይፈቀዳል፤ በ1999ኙ ግን እሱም አይፈቀድም ነበር። ለዚህ ነው አንዳንዴ አዲስ ኮምፓይለር ዝም ያለውን ኮድ አሮጌው የሚጮህበት።

ዘዴ የመሰለኝን ነገር ወዲያው አገኘሁ። አዳዲሶቹ የሊብጄፔግ ቅጂዎች ቤዝቲኤስዲ.ኤች ቀድሞ ከገባ ኢንት32ን ራሳቸው አይሰይሙም። እኔ ጋ ዊንዶውስ.ኤች ኋላ ነበር የሚገባው። ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት፣ ኤረሩ ጠፋ። በቦታው ሌላ መጣ፤ አሁን የተጣላው እውነት ወይም ሐሰት የሚይዘው ቡሊያን ነው። የዊንዶውሱ አርፒሲኤንዲአር.ኤች ቡሊያንን አንሳይንድ ካር ይለዋል፣ 1 ባይት። እኔ ጋ የነበረው ሊብጄፔግ ደግሞ ኢንት ብሎ ነው የተሠራው፣ 4 ባይት። የሊብጄፔግን ሄደር ሳነብ ሃቭ_ቡሊያን የሚባል ማክሮ (ከኮምፓይል በፊት በሌላ ጽሑፍ የሚተካ ስም) ቀድሞ ከተሰየመ ቡሊያንን እንደሚተወው አየሁ። ማክሮውን የሚሰይም አንድ የዲፋይን መስመር ከላይ ጨመርኩ። ኮምፓይል ሆነ፤ ሊንክም ሆነ። አንድ ዋርኒንግ እንኳ የለም።

ፕሮግራሙን ሳስነሳው ገና የመጀመሪያው ምስል ላይ ቆመ። መልእክቱ ከሊብጄፔግ ነው የመጣው፤ የስትራክቱ (ብዙ መስኮች አንድ ላይ የሚይዘው ታይፕ) መጠን ላይብረሪው በሚያውቀውና ጠሪው በሚጠብቀው መካከል አይገጥምም ይላል። ነገሩ ወዲህ ነው። የሊብጄፔግ ዋና ስትራክት ውስጥ ብዙ የቡሊያን መስኮች አሉ። ላይብረሪው ኮምፓይል ሲደረግ እያንዳንዳቸው 4 ባይት ነበሩ። የእኔ ፋይል በዚያች አንድ መስመር ምክንያት 1 ባይት አድርጎ ቆጠራቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት መስኮች ሁሉ ቦታቸውን ለቀቁ። እኔ ስፋቱ አለበት ብዬ የምጽፍበትን ቦታ ላይብረሪው ሌላ ነገር አድርጎ ያነበዋል። ሊብጄፔግን የጻፉት ሰዎች ይህ እንደሚመጣ አውቀው ገና ሲጀመር የስትራክቱን መጠን የሚያወዳድር ፍተሻ አስገብተውበታል። በጣም ነው ያመሰገንኳቸው። ያ ፍተሻ ባይኖር ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይሄድና የሆነ ቀን የሆነ ምስል ላይ ይወድቅ ነበር፤ እኔም ምክንያቱን ሄደር ውስጥ ለመፈለግ በፍጹም አላስብም።

ከዚህ በኋላ ነው አሠራሬን የቀየርኩት። ኤረር ሲመጣ ኮዱን ከመንካቴ በፊት አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ይህን ስም ማን ሰየመው፣ ምን ብሎ? መልሱን ከኮምፓይለሩ በፊት የሚሠራው ፕሪፕሮሰሰር ይሰጣችኋል። ጂሲሲና ክላንግ የሚባሉት ኮምፓይለሮች ላይ ሰረዝና ትልቁን ኢ ሰጥታችሁ ኮምፓይል ስታደርጉ ኢንክሉዶቹ ሁሉ ተዘርግተው፣ ማክሮዎቹ ሁሉ ተተክተው፣ ኮምፓይለሩ የሚያየውን ትክክለኛ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ወደ ፋይል አውጡትና የተጣላውን ስም ፈልጉ። ካገኛችሁት መስመር ወደ ላይ ስትሄዱ በፓውንድ ምልክት የሚጀምር፣ የመስመር ቁጥርና የፋይል ስም የያዘ መስመር አለ፤ ስሙ ከየትኛው ሄደር እንደመጣ የሚነግራችሁ እሱ ነው። የማይክሮሶፍቱ ኮምፓይለር ላይ ተመሳሳዩን የሚሠራው በስላሽ ትልቁ ፒ ነው፤ ውጤቱን ነጥብ አይ በሚል ፋይል ያስቀምጥላችኋል። ማን ማንን ኢንክሉድ እንዳደረገ ብቻ ለማየት ደግሞ ጂሲሲ ላይ ሰረዝ ትልቁ ኤች፣ ማይክሮሶፍቱ ላይ ሾውኢንክሉድስ የሚለው ምርጫ አለ። እኔ ዊንዶውስ.ኤችን በቀጥታ አልጠራሁም ብዬ ስምል የነበረበትን ፋይል ሳየው፣ በሦስተኛ እጅ ከሌላ ሄደር ውስጥ ገብቶ አገኘሁት።

የተዘረጋውን ፋይል ማየት አማራጭ የማይኖረው ጊዜም አለ። ኤስሳይዝ_ቲ የፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ስታንዳርድ) ታይፕ ነው፤ የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ሄደሮች ውስጥ የለም። ስለዚህ ብዙ ላይብረሪ ለራሱ ይሰይመዋል፣ እኔም ሰይሜው ነበር፤ ያውም በታይፕዴፍ ሳይሆን በዲፋይን፣ ኢንት ብዬ። ከዚያ ከእኔ ሄደር በኋላ የገባ የሌላ ላይብረሪ ሄደር በወጉ በታይፕዴፍ ሊሰይመው ሲል፣ የእኔ ማክሮ ስሙን በልቶ ኢንት የሚለውን ቃል ተካበት። ኮምፓይለሩ የሚያየው ኢንት የሚባል አዲስ ስም ሊሰየም ሲሞከር ነው። ኤረሩ የሰውየው ሄደር ላይ ያመለክታል። መስመሩን ብታዩት ንጹሕ ነው፤ ግማሽ ቀን ያንን ንጹሕ መስመር ሳይ ዋልኩ። የተዘረጋውን ፋይል ብከፍተው በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ታይፕን በዲፋይን አትሰይሙ፤ ማክሮ የሰው ቤት ገብቶ ነው የሚያበላሸው።

ወደ አርም ቦርዷ ልምጣ። እዚያ የሰው ሄደር እንኳ አልነበረም፣ ጸቡ የእኔ ከእኔ ነው። ሄደሬ ውስጥ አንድ ፋንክሽን ወደ ዩኢንት32_ቲ የሚያመለክት ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ይቀበላል ብዬ አውጄያለሁ። የሲው ፋይል ውስጥ ስጽፈው ግን ጣቴ ለምዶት አንሳይንድ ኢንት ብዬዋለሁ። ሊነክስ ላይ ሁለቱ በትክክል አንድ ታይፕ ስለሆኑ ሦስት ዓመት ማንም አላየውም። ለቦርዷ የምጠቀምበት መሣሪያ ኒውሊብ የሚባለውን የሲ ላይብረሪ ነው የያዘው፤ እዚያ ዩኢንት32_ቲ አንሳይንድ ሎንግ ነው። ይኸው 4 ባይት ነው፣ ግን ሌላ ታይፕ። ጂሲሲ "የሚጋጩ ታይፖች" ብሎ ቆመ። ጥሩነቱ ጂሲሲ ከታይፑ ስም አጠገብ በእውነት ምን እንደሆነ ይጽፍላችኋል፤ ዩኢንት32_ቲ፣ በሌላ ስሙ ሎንግ አንሳይንድ ኢንት፣ እያለ። ያቺን በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ያለች ቁራጭ አትዝለሏት። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ነው ያለው።

64 ቢት ላይም እንዲሁ ነው። ሊነክስና ማክ ኦኤስ ላይ ሎንግ 8 ባይት ነው፣ ዊንዶውስ ላይ 64 ቢቱም ሆኖ 4 ባይት ነው። ሊነክስና ማክ ኦኤስ በመጠን ቢስማሙም በስም ደግሞ ይለያያሉ፤ ኢንት64_ቲ 64 ቢት ሊነክስ ላይ ሎንግ ነው፣ ማክ ኦኤስ ላይ ሎንግ ሎንግ። ስለዚህ ሊነክስ ላይ ሎንግና ኢንት64_ቲን እያቀያየረ የሚጠቀም ኮድ ማክ ላይ ሲደርስ በፖይንተርና ጽሑፍ በሚያወጣው ፕሪንትኤፍ ላይ መጮህ ይጀምራል። ለፕሪንትኤፍ መፍትሔው ኢንትታይፕስ.ኤች ውስጥ ያሉት ማክሮዎች ናቸው፤ መልካቸው አያምርም ግን ልክ ናቸው።

አሁን በጣም የጎዳኝን ልንገራችሁ። የማመቂያው ላይብረሪ ዜድሊብ የታመቀውን ሲፈታ የውጤቱን ርዝመት ወደ ዩሎንግ በሚያመለክት ፖይንተር ይቀበላል፤ በዚያው ላይ ጽፎ ይመልሳል። ዩሎንግ አንሳይንድ ሎንግ ነው። እኔ የሳይዝ_ቲ ተለዋዋጭ ነበር የምሰጠው፣ ሊነክስ ላይ አንድ ስለሆኑ ዝም። 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ግን ሳይዝ_ቲ 8 ባይት፣ ዩሎንግ 4 ባይት ነውና ኮምፓይለሩ አስጠነቀቀኝ። የፋይሉ ርዝመት በ4 ባይት ቁጥር ውስጥ ይገባል ብዬ የስትራክቱን መስክ ዩኢንት32_ቲ አደረግኩት፤ የቀረውን ጩኸት በካስት (ታይፑን በግድ በመቀየር) ዘጋሁት። ዊንዶውስ ላይ ሁሉም ነገር ተስተካከለ።

ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይሄ ነው። ሊነክስ ላይ 512 መዝገብ ያለው የመሞከሪያ ፋይሌ 0 መዝገብ አለው ማለት ጀመረ። ፋይሉ ምንም አልሆነም። የማንበቢያውን ኮድ መስመር በመስመር አየሁት፣ ብዛቱ በትክክል 512 ተብሎ ይነበባል፤ ከዚያ የሆነ ቦታ ዜሮ ይሆናል። በመጨረሻ ጂዲቢ በሚባለው የስህተት መፈለጊያ ላይ ያንን መስክ የነካ ሁሉ እንዲያዝ ዋችፖይንት አስቀመጥኩ። የቆመው ዜድሊብ ውስጥ ነው። የስትራክቴ አቀማመጥ እንዲህ ነበር፤ ርዝመት 4 ባይት፣ ወዲያው ከሱ ቀጥሎ የመዝገብ ብዛት 4 ባይት። ዜድሊብ ሊነክስ ላይ 8 ባይት ይጽፋል። የታችኛው 4 ባይት ርዝመቱ ላይ አረፈ፣ የላይኛው ዜሮ ጎረቤቱን አጠፋው። ከዚህ የባሰም ነበር። ዜድሊብ ያንኑ ቦታ ሲጀምር የማስቀመጫው ስፋት አድርጎ ያነበዋል፤ የመዝገቡን ብዛት እንደ ላይኛው ግማሽ ቆጥሮት ስፋቱን በትሪሊዮኖች የሚቆጠር ባይት አድርጎ አየው። ማለትም ከማስቀመጫው እንዳያልፍ የሚጠብቀኝ ገደብ በሙሉ ጠፍቶ ነበር። የተበላሸ ፋይል ቢገባ ኖሮ ሜሞሪዬን ሁሉ ይጽፍበት ነበር።

ትክክለኛው መልስ ሦስት መስመር ነው። የዩሎንግ ጊዜያዊ ተለዋዋጭ ፍጠሩ፣ እሱን ስጡ፣ ሲመለስ ዋጋው ወደ እናንተ ታይፕ እንደሚገባ አረጋግጣችሁ ቅዱ። ዋጋን ካስት ማድረግ አንድ ነገር ነው፣ ፖይንተርን ካስት ማድረግ ፈጽሞ ሌላ። ፖይንተሩን ስትቀይሩ ኮምፓይለሩን ስለ መጠኑ እየዋሻችሁት ነው። ከ2024ቱ ጂሲሲ 14 ጀምሮ የማይገጥም ፖይንተር መስጠት ዋርኒንግ ሳይሆን ኤረር ሆኗል፤ እኔ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ግን ካስት ካደረጋችሁበት እሱም ዝም ይላል።

ወደ ሊብጄፔግ ስመለስ፣ በመጨረሻ ሁሉንም የፈታው የቅደም ተከተልም የማክሮም ዘዴ አይደለም። የሊብጄፔግን ሄደር ጄፔግሊብ.ኤችን ከሕዝባዊው ሄደሬ፣ ተጠቃሚዎች ከሚጠሩት፣ አወጣሁት። ለምን እዚያ ነበር? ስትራክቴ ውስጥ የሊብጄፔግን ስትራክት በቀጥታ ስላስገባሁ ነው። አሁን ሄደሩ የስትራክቱን ስም ብቻ ያውጃል፣ ውስጡን አያሳይም፤ ተጠቃሚው የሚይዘው ፖይንተር ብቻ ነው። ውስጡ ያለው አንድ የሲ ፋይል ውስጥ ነው፣ ጄፔግሊብ.ኤች የሚጠራውም እዚያ ብቻ። ዊንዶውስ.ኤች የሚያስፈልገው ሥራ ደግሞ ሌላ ፋይል ውስጥ ገባ። ሁለቱ ሄደሮች አይተያዩም፣ ስለዚህ አይጣሉም። ኢንት32ም ቡሊያንም በዚያው ሞቱ። ይህን ለመሥራት አንድ ቀን ነው የወሰደብኝ፤ መጀመሪያ ላይ ባደርገው ኖሮ የሳምንት ጊዜ ይተርፈኝ ነበር።

ሕዝባዊው ሄደሬ አሁን የሚጠራው ስትድኢንት.ኤችንና ስትድዴፍ.ኤችን ብቻ ነው። ስትድኢንት.ኤች በ1999ኙ ስታንዳርድ መጣ፣ ቪዥዋል ስቱዲዮ ውስጥ የገባው ግን በ2010ሩ ነው፤ በየአሮጌው ላይብረሪ ውስጥ በእጅ የተሰየሙ የኢንት ታይፖች የምታዩት ለዚህ ነው። እነሱን እናንተም አትድገሟቸው። እኔ የምሰይመው ማንኛውም ነገር የላይብረሪዋ ፕሪፊክስ ከፊቱ አለው። ኤስሳይዝ_ቲን አውጥቼ በፕሪፊክስ የራሴን ሰየምኩ፣ በታይፕዴፍ፣ ከፒቲአርዲፍ_ቲ። ፋይል ውስጥ ያለን ቦታ የሚይዘው ኦፍ_ቲም ወጣ፤ 32 ቢት ሊነክስ ላይ በኮምፓይል ምርጫ ብቻ ከ4 ወደ 8 ባይት የሚቀየር ታይፕ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ 4 ባይት ነው፣ በእሱ ፋንታ ኢንት64_ቲ ገባ።

ቡልም ራሱን ችሎ አስቸግሮኛል። ድሮ ታይፕዴፍ አድርጌ ኢንት ብዬው ነበር። በ2023ቱ ስታንዳርድ ቡል የቋንቋው ቁልፍ ቃል ሆነ፣ በ2025 የወጣው ጂሲሲ 15 ደግሞ ያንን ስታንዳርድ መነሻው አድርጎታል፤ ስለዚህ የእኔ ታይፕዴፍ እዚያ ኮምፓይል አይሆንም። መስመሩን ዝም ብዬ ላጠፋው ነበር። ቆም ብዬ ሳስብ ግን የእኔ ቡል 4 ባይት ነው፣ የቋንቋው 1 ባይት። አሮጌውን ላይብረሪ በአዲስ ሄደር የሚጠራ ሰው ልክ እኔ በቡሊያን የደረሰብኝ ይደርስበታል። ስለዚህ ስትራክቶቹ ውስጥ ያለውን ቡል ሁሉ ኢንት ብዬ ጻፍኩት፣ መጠኑም እንደነበረ ቀረ።

ለኔትወርክ ግንኙነት ሶኬት የምትጠቀሙ ካላችሁ ደግሞ ዊንሶክ2.ኤችን ከዊንዶውስ.ኤች በፊት ጥሩት። ዊንዶውስ.ኤች የድሮውን ዊንሶክ.ኤች ይዞ ስለሚመጣ የሶኬት ስትራክቶቹ ሁሉ ድጋሚ ተሰየሙ ተብሎ መቶ መስመር ኤረር ይወርድባችኋል። ዊን32_ሊን_ኤንድ_ሚን የሚለውን ማክሮ ቀድማችሁ ብትሰይሙም ያ ድሮው አይገባም።

መጨረሻ ላይ ያስገባሁት ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ ወደ ውጭ ለሚታይ ስትራክት ሁሉ መጠኑንና የዋና ዋና መስኮቹን ቦታ በ_ስታቲክ_አሰርት ማረጋገጥ፤ ካልገጠመ ኮምፓይል አይሆንም፣ ፕሮግራሙ እስኪነሳ አይጠበቅም። ሌላው፣ ምንም ሥራ የሌላቸው ሦስት የሲ ፋይሎች። የመጀመሪያው የእኔን ሄደር ብቻ ይጠራል። ሁለተኛው ዊንዶውስ.ኤችን ከዚያ የእኔን። ሦስተኛው የእኔን ከዚያ ዊንዶውስ.ኤችን። ሊነክስና ማክ ላይ በዊንዶውስ.ኤች ፋንታ ሲስ/ታይፕስ.ኤች ይገባል። በእያንዳንዱ ለውጥ በሁሉም ፕላትፎርም ኮምፓይል ይደረጋሉ። ባለፈው ወር ሁለተኛው ወደቀ፤ ሄደሬ ውስጥ የጨመርኩት አዲስ ስም የዊንዶውስ ማክሮ ሞክሼ ነበር። ፕሪፊክሱን ረስቼ ነው። ጨመርኩለት፣ አለፈ።